ኮሶዬ ላይ የቆመው ቤት

ሌላው ሰው ሽቶ ሲሸተው ወይም እጣን ሲሸተው ነው ሆዱ የሚባባ። እኔን የሚያባባኝ ግራሶ ነው። ሳቁ፣ ልጆቼም ይስቃሉ። በቀደም ፒያሳ ስወርድ አንድ ጎረምሳ አሮጌ ካሚዮን ሥር ተንጋሎ ጎማ ይፈታል፤ አጠገቡ በቆርቆሮ ያ ጥቁር ወፍራም ቅባት ተቀምጧል። ሽታው ሲመጣብኝ ቆምሁ። “እማማ፣ ምን ፈለጉ?” አለኝ ከሥር ብቅ ብሎ። ምን እለዋለሁ? “ሥራህን ሥራ ልጄ፣ ምንም አልፈለግሁ” አልሁትና እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እሱም ጤነኛ አልመሰልሁትም መሰል ተመልሶ ገባ።

ያን ዓመት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ብዙም አልቆየ፤ ጎንደር ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ማኪና ሁሉ እሱ ጥሎት የሄደ ነው። አባቴ ተገኘ ደግሞ በዚያ ብረት ላይ ነፍስ የሚዘራ ሰው ነበር፤ በመንገድ ሥራ ሹፌርም መካኒክም። እናቴ በነሐሴ በሦስት ቀን ሕመም ሞተች። ተዝካሯ በወጣ ሰሞን ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ ሙሉ፣ ከደባርቅ ሰው ላከች። “ሴት ልጅ በሹፌር እጅ አታድግም። የእህቴን ልጅ አምጣልኝ” ነው መልእክቱ። አባቴ ዘመድ ሰብስቦ ቢያማክር ሁሉም እውነቷን ነው አሉት። እኔን የጠየቀኝ የለም። በዚያ ዘመን ልጅ ይመከር እንጂ አይማከርም።

ከመስቀል በኋላ ለአባቴ ትእዛዝ መጣ። ደባርቅ ላይ መንገድ የሚያሠራ ፈረንጅ መሐንዲስ ነበረ፤ ድንኳን ውስጥ ብርድ ሊጨርሰው ነው ተባለ። ጎንደር ላይ ደግሞ አንድ የጣሊያን መኮንን ይኖርባት የነበረች፣ በካሚዮን ኋላ ተስባ የምትሄድ ባለ ሁለት ጎማ ቤት ነበረች። አባቴ ያችን ቤት ጎትቶ ለመሐንዲሱ እንዲያደርስ ታዘዘ። “በዚያው ይታይሽንም ለአክስቷ አደርሳለሁ” አለ፤ ይታይሽ እኔ ነኝ። የአንድ ቀን መንገድ ነው። ያ የአንድ ቀን መንገድ ሃምሳ ቀን ፈጀብን።

ቤቷ አረንጓዴ ነበረች። ሁለት ጠባብ አልጋ፣ ከግድግዳው ተዘርግቶ ተመልሶ የሚታጠፍ ጠረጴዛ፣ መጋረጃ ያለው መስኮት፣ ደግሞም ውሃ የማይወጣበት ቧንቧ ነበራት። እኔ ቧንቧውን በየቀኑ እየከፈትሁ ጠብቄዋለሁ፤ ውሃው ከጎንደር እየተከተለን የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። እኛ የምንኖረው በአንዲት የጭቃ ክፍል ስለሆነ ያች ቤት ለኔ ቤተ መንግሥት ነበረች። አንድ ነገር ብቻ ደስ አይለኝም። ጎማ ነበራት፣ ጎማዋም ወደ ደባርቅ ነው የሚሽከረከር።

ከወለቃ እምብዛም ሳንርቅ ካሚዮኑ እንፋሎት አፈነዳ። የራዲያተሩን ማራገቢያ የሚያዞረው ጠፍር፣ ሹፌሮች ችንጋ የሚሉት፣ ተበጥሷል። መለዋወጫ የለም። አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ አየና፣ ፊቱን ወደኔ ሳያዞር፣ “ይታይሽ፣ የእናትሽ መቀነት የት ነው ያለ?” አለኝ።

ሳጥኔ ውስጥ ነበር። አክስቴ ዘንድ ስደርስ ከትራሴ ሥር ላደርገው ነበር ሐሳቤ። አውጥቼ ሰጠሁት። አጥፎ፣ ጠምዝዞ፣ በውሃ ነክሮ በማራገቢያው ዙሪያ ጥብቅ አድርጎ ቋጠረው። “እሷ ብትኖርም እንካ ነበር የምትል” አለ። መቀነቱ የተቃጠለ ጥጥ እየሸተተ፣ እኛም በየጥቂቱ እየቆምን ውሃ እየጨመርን፣ የኮሶዬን ዳገት አወጣን። በቆምን ቁጥር ሆዴ ደስ እያለው መጣ። መንገዱ ሲረዝም ከአባቴ ጋር የምቆይበት እንደሚረዝም የገባኝ ያን ቀን ነው።

ኮሶዬ አፋፍ ላይ ስንደርስ ደግሞ ቤቷ ከኋላችን ማልቀስ ጀመረች። እንደ ሕፃን ልቅሶ ቀጠን ያለ ድምፅ ነው። “አባዬ፣ ምን ሆና ነው?” ስለው ወርዶ በክሪክ አነሣትና ጎማዋን ፈታ። ከውስጡ እንደ አምባር የከበበ ብረት አወጣ፤ ብረቱ ውስጥ የነበሩት ጥይት የሚያህሉ እንክብሎች ተሰባብረው እንደ ክክ ሆነዋል። “ኩሽኔታ ይባላል” አለኝ። “ጎማዋ የሚዞርበት ነው። ይህ ከሌለ ወዴትም የለም። የሚገኘውም አሥመራ ነው።”

“እስኪመጣስ የት እንሆናለን?”

“ቤት ይዘን አይደል የመጣን?” አለ።

ወደ አሥመራ ለሚወጣ ሹፌር መልእክት ሰጠ። ቢፈጥን ሃያ ቀን ነው ተባለ። ካሚዮኑን ብቻ ይዞ እንዳይሄድ ቤቷ የመንግሥት ንብረት ናት፣ ጥሏት መሄድ አይችልም። ከመንገዱ በላይ ባለው ጉብታ ላይ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ሄድሁና ቅጥሯን ስሜ ተሳልሁ። ሻማ እንዳልል የለኝ፣ ጃንጥላ እንዳልል ከየት አባቴ አመጣለሁ። “ቅዱስ ሚካኤል፣ ቤታችን እንዳትነሣ ብታደርግልኝ ያገኘሁትን አመጣልሃለሁ” አልሁት። እንዲህ ያለ ስለት ሚካኤልም ሰምቶ አያውቅ ይሆናል።

በማግሥቱ ጉሙ ገለጥ ሲል የመንደሩ ሰው በራችን ላይ ቆሞ አገኘነው። ትናንት ባዶ የነበረ ሜዳ ዛሬ መስኮት ያለው ቤት በቅሎበታል። ፊት የቀደሙት እትዬ አንጓች የሚባሉ ባልቴት ናቸው፤ በመሶብ የገብስ ቂጣና የሚጥሚጣ ዱቄት ይዘዋል።

“ምነው ጌታው፣ ቤት ሲሠራ ጎረቤት አይጠራም?” አሉ።

“መንገደኞች ነን እናቴ። ተበላሽቶብን ነው።”

“መንገደኛማ ቤት የለውም። በልቶ፣ አድሮ ይሄዳል። ቤት ያለው ጎረቤት ነው” አሉና መሶቡን ጠረጴዛችን ላይ አኖሩት። ጠረጴዛው ክርናቸውን ሲያስደግፉበት እጥፍ ቢል ቂጣው እግራችን ላይ ወደቀ። “ቤቱ ሸጋ ነው፣ ጠረጴዛው ግን ስስታም ነው” ብለው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአገሩ ልማድ ጎረቤት ሆንን። ሰው ሲሞት ይጠሩናል፣ ሰው ሲወልድ ይጠሩናል፤ አባቴ አያ ተገኘ ተባለ።

እንዲያ ያለ ደስታ ከዚያም በፊት፣ ከዚያም በኋላ አላየሁ። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይነካል፤ የገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ሣር እየነጨ ሲያጉረመርም ከአልጋዬ ሆኜ እሰማለሁ። አባቴ ቀድሞ ተነሥቶ እሳት አንድዶ ይጠብቀኛል። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ጸጉሬን የሠራልኝ አልነበረም፤ ተንጨባርሮ እንደ ቁጥቋጦ ሆኗል። አንድ ቀን ከፊቱ አስቀመጠኝና “ገመድ የጎነጎነ ጸጉር ያቅተዋል?” ብሎ ጀመረ። የብረት ገመድ እንደሚያያይዘው አድርጎ ጎንጉኖ፣ ጫፉን አጥብቆ ሲቋጥረው ዓይኔ ወደላይ ተሳበ። እትዬ አንጓች ሲያዩኝ፣ “ይህን የሠራው ሹፌር ነው ወይስ ጠላት?” አሉና ፈትተው አሳዩት። በሁለት ሳምንት ሹሩባ ለመደ። እጁ ግን የቱንም ያህል ቢታጠብ ከግራሶ አይለቅም፤ ጸጉሬ ሌት ተቀን ግራሶ ግራሶ ይሸት ነበር። የመንደሩ ልጆች አፍንጫቸውን ይይዙብኝ ነበር። ግድ አልነበረኝም።

ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን የሚካኤል ማኅበር እትዬ አንጓች ቤት ወጣ። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተጠጥቶ ሲያበቃ ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ባለተራ ይሰጣል። ጽዋ የተቀበለ ሰው በወሩ ማኅበሩን በቤቱ ያወጣል፤ ሳያወጣ ከአገር አይወጣም። ባለተራው ሰውዬ ያን ሰሞን ሚስቱ ታማበት “ለኔ አይሆንልኝም” አለ። ሁሉም መሬት መሬት ሲያይ አባቴ ተነሣ።

“እኔ እቀበላለሁ” አለ።

የማኅበሩ ካህን የሚካኤሉ ቄሰ ገበዝ ነበሩ፣ የቤተ ክርስቲያኗን ዕቃ የሚጠብቁት። ቀና ብለው አዩት። “አያ ተገኘ፣ ጽዋ የጨዋታ ዕቃ አይደለም። ብረትህ ነገ ቢመጣልህስ?”

“ቢመጣም የኅዳር ሚካኤልን ሳላወጣ አልነሣም፣ አባቴ።”

በሁለት እጁ ተቀበለ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ሆኜ ቀኑን በጣቴ ቆጠርሁ። አንድ ወር ሙሉ አባቴን አገኘሁት። ስለቴ በዚህ ፍጥነት ይደርሳል ብዬ አልጠበቅሁም ነበርና ሚካኤልን ፈራሁት።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ዳር ተቀምጠን ከአሥመራ የሚወርዱትን ካሚዮኖች እንጠብቃለን። አባቴ እያስቆመ “የኔ ዕቃ አልመጣም?” ይላል። “አልመጣም” ይሉታል፣ ያልፋሉ። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ሹፌሮቹ መልስ ከመስጠታቸው በፊት እርስ በርስ እየተያዩ ይስቁ ጀመር። አንዱማ “አያ ተገኘ፣ ዛሬም አልመጣም” ብሎ ዓይኑን ጠቀሰው። በአባቴ ችግር የሚስቁ መስሎኝ ጠላኋቸው፤ የአንዱ ጎማ ላይ ምራቄን ተፋሁበት።

ኅዳር በገባ በሳምንቱ ለማኅበሩ ቤት ሳጸዳ መጥረጊያዬ ከአባቴ አልጋ ሥር፣ ከጥግ፣ አንድ ከባድ ነገር ነካ። በወረቀት የተጠቀለለ ነው። ፈታሁት። አዲስ ኩሽኔታ፣ ግራሶው ገና ያልደረቀ። እንክብሎቹ ዓይን ይመስላሉ፤ በጣቴ ብገፋው ያለ ድምፅ ዞረ።

እንግዲህ የልጅ ነገር ተመልከቱ። አባቴ ያስቀመጠው ሊሆን ይችላል ብዬ አንድ አፍታ እንኳ አላሰብሁም። ትናንትና “ዕቃዬ አልመጣም?” ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ አባቴ ደግሞ አይዋሽም። ስለዚህ ያኖረው ሚካኤል ነው። ያገኘሁትን አመጣልሃለሁ ብዬዋለሁ፣ እሱም የማገኘውን ሰጠኝ፤ ቃሌን እጠብቅ እንደሆነ ሊያይ ነው። ደግሞም አባቴ ካየው መነሣታችን ነው። በነጠላዬ ቋጥሬ ዳገቱን ወጣሁ።

ቄሰ ገበዙ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። “ምንድን ነው ልጄ?” አሉኝ።

“ስለት ነው፣ አባ።”

“የደረሰ ነው?”

“ደርሷል።”

የደረሰ ስለት አይጠየቅም። ተቀበሉኝና ገለባበጡት፤ በጣታቸው ሲያዞሩት ዝም ብሎ መዞሩ ገረማቸው። “ሸጋ ነገር ነው። ሚካኤል ዕድሜ ይስጥሽ” ብለው ከጸናጽሉ ጎን አኖሩት። እየዘለልሁ ወረድሁ።

ማኅበሩ በቤታችን ወጣ። ለሁለት ሰው በተሠራች ቤት አሥራ አራት ሰው ገባ፤ ዳቦውን እትዬ አንጓች ጋገሩልን፣ ጠላውን መንደሩ አዋጣ። ቄሰ ገበዙ ጸሎት አድርሰው ሁሉም “አሜን” ብሎ አንድ ላይ ሲነሣ ጎማ ያልነበረው ጎኗ ከክሪኩ ተንሸራተተና ቤቷ ጋደለች። ሰው በሰው ላይ ወደቀ፤ ጠላው በመስኮት ወጣ። የተጎዳ አልነበረም። አባቴ ከውጭ ድንጋይ እያስታከከ ሲያቃና ቄሰ ገበዙ ከአልጋው ሥር ቆባቸውን እየፈለጉ፣ “ማኅበራችን ብዙ ቤት ዞሯል፣ ቤት ግን ዞሮበት አያውቅም” አሉ። አባቴ እናቴ ከሞተች ወዲህ ጥርሱ ታይቶ ሲስቅ ያን ቀን አየሁት።

በማግሥቱ መሐንዲሱ የላከው ሰው በጂፕ መጣ። ቤቷ በሁለት ቀን ውስጥ ደባርቅ ካልደረሰች ሌላ ሹፌር መጥቶ ይረከባታል፣ አባቴም ከሥራው ይሰናበታል። ሰውዬው ሲሄድ አባቴ “ነገ እንነሣለን” አለኝ። እኔ በሆዴ ሳቅሁ። በምን ይነሣል?

ጠዋት ስነቃ አልጋው ሥር በሆዱ ተኝቶ ነበር። እጁን ወደ ጥጉ ሰደደ። ወጣ። ተመልሶ ገባ። አልጋውን ነቀለው፣ ጆንያውን ዘረገፈው፣ የመፍቻ ሳጥኑን ገለበጠው። ምን እንደሚፈልግ አይናገርም። እኔም ሳየው ቀስ በቀስ አንድ ነገር እየገባኝ መጣ። በመጨረሻ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና እጁን እያየ፣

“ይታይሽ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አላየሽም?” አለኝ።

“ለሚካኤል ሰጠሁት።”

“ለሚካኤል?”

“ስለት ነበረብኝ። ቤታችን እንዳትነሣ ብዬ ተስዬ ነበር። አንተ መኖሩን የምታውቅ አልመሰለኝም፣ አባዬ።”

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። በአንድ እጁ ዓይኑን ያዘ። “አውቃለሁ” አለ፣ “ከመጣ አሥራ ስምንት ቀኑ ነው። እኔም ለዚያው ነው የደበቅሁት።”

ሄጄ ጉያው ውስጥ ገባሁ። ሁለታችንም አለቀስን፣ ምን እደብቃለሁ። እሱ ከኔ፣ እኔ ከሱ አንዲት ብረት ስንሸሽግ ከርመናል። “እንግዲያው አንሂድ” አልሁት። “ሁለታችንም ካልፈለግን ማን ያስገድደናል?”

“እኔ ሹፌር ነኝ ልጄ። ዛሬ ሳንጃ ባድር ነገ የት እንደማድር አላውቅም። አንቺን በየመንገዱ ይዤ ልዙር? አክስትሽ ደግ ሴት ናት፣ ትምህርት ቤትም ታስገባሻለች። ሃምሳ ቀን ሰረቅሁሽ። ከዚህ በላይ ብሰርቅሽ እናትሽ ትታዘበኛለች።”

አብረን ዳገቱን ወጣን። ቄሰ ገበዙ ነገሩን ሰሙ። “ለታቦት የገባ እንዲያው አይወጣም” አሉ፣ “በምትኩ ነው እንጂ።” የሚካኤል ደወል ከግንድ ላይ የተንጠለጠለ ድንጋይ ነበር፤ በዚያው ክረምት ተሰንጥቆ ድምፁ ጠፍቷል። አባቴ ይህን አስታውሶ ወረደና ከካሚዮኑ ላይ ትርፍ ቸርኬ፣ ጎማ የሚለብሰውን የብረት ክብ፣ ተሸክሞ መጣ። ሰቀለው። በመፍቻ ሲመታው ድምፁ ገደሉን ተሻግሮ ተመለሰ፤ ማዶ የሚያጭዱ ገበሬዎች ቀና ብለው አማተቡ። ቄሰ ገበዙ ኩሽኔታውን አምጥተው በእጄ ሰጡኝ።

ግራሶውን እኔ ነኝ የቀባሁት። አባቴ “በደንብ ሙዪው፣ ቦታ አትተዪ” እያለኝ በጣቴ በየእንክብሉ መካከል ሞላሁት። ጎማው ሲገባ ቤቷ ማልቀሷን ተወች። እትዬ አንጓች በጉያቸው አቅፈው ሳሙኝና አባቴን “አያ ተገኘ፣ ቤትህን ይዘህ መሄድህ ነው? ጎረቤት እንዲህ ሲሄድ አላየሁም” አሉት።

ደባርቅ በዚያው ቀን ደረስን። አክስቴ አጥባ አበላችኝ፤ ጸጉሬን ስታሸት “ይህ ምን ቅባት ነው?” አለችና በሙቅ ውሃ አጠበችው። አባቴ ቤቷን ለመሐንዲሱ አስረክቦ፣ በመቀነቱ ቦታ አዲስ ችንጋ አግብቶ አደረና ጠዋት ሊሰናበተኝ መጣ። ግንባሬን ሳመኝ። “እመጣለሁ” አለ።

ከግቢው በላይ ቀጥ ያለ ዳገት አለ። ካቡ ላይ ወጥቼ ተቀመጥሁ። የካሚዮኑን ድምፅ እንደ ሰው ድምፅ እለየዋለሁ፤ ሊያቆም ሲል መጀመሪያ ያስላል፣ ቀጥሎ ይንገጫገጫል፣ ከዚያ እንፋሎቱ ይወጣል። አሁን ያስላል እያልሁ ጆሮዬን ሰጠሁ። ዳገቱን ጀመረው፣ ወገቡ ላይ ደረሰ፣ አፋፉን አለፈ። አቧራው መሬት እስኪይዝ ጠበቅሁ። አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለም። አባቴ አሳምሮ ጠግኖት ነበር።